የወንበር ልክ

ያገለገለ መኪና ነው የምሸጠው፣ ሰው የተቀመጠበት፣
በኒጋታ ወደብ ዳር፣ የባሕሩ በረዶ በሚወርድበት።
ሥራዬ መለካት ነው፤ ሜትሬን ከኪሴ አልለይም፤
ገዢ ቀለም ያያል እንጂ ጉልበቱ የት እንደሚያርፍ አያይም።

ሺንጎ ሚዙሺማ በጥቅምት መጣ፣ ሰማያዊ ኩፔውን እየነዳ፤
የስፖርት መኪና፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዱ አስፋልት የሚልስ፣
የኋላ ወንበሩ የማያውቅ እንግዳ።
ወንበር ካሉት ወንበር ነው፤ እኔ ግን ለክቼዋለሁ፤
ከመቀመጫው እስከ ጣሪያው፣ ለድመት ይበቃል ብያለሁ።
በሃያ ሁለት ዓመት የተሳፈረበት አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው፤
እሱም ተጋድሞ እንጂ ቁሞ አይደለም፤ አንገቱን የት ሊያደርገው?

የፊቶቹ ግን ሌላ ናቸው። ጎናቸው እንደ መዳፍ የታጠፈ፣
ወገብን ጥርቅም አድርጎ፣ በየመታጠፊያው ሰው ያቀፈ።
ደረቅ ናቸው፤ የመንገዱን ጠጠር አንድ ባንድ ይነግሩሃል፤
ስትገባ መውደቅ ነው፤ ስትወጣ ጉልበትህ ዕድሜህን ያስታውስሃል።

«ሚኒቫን» አለኝ። «ሚስቴን፣ ፉሚኤን፣ እግሯ ከድቷታል፤
ተሽከርካሪ ወንበሯ የማይገባበት መኪና ምን ይሠራላታል?»
ነጩን አሳየሁት። በሩ ተንሸራቶ ሲከፈት፣
አዳራሽ ነው እኮ፤ ሰርግ ይደገስበታል፣ ድንኳን የጠፋ ለት።
ስፖንጁ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ የተቀመጠው ሰው የማይወጣው፤
ኩባያ መያዣው አሥራ አራት፤ ለሰባት አፍ! ማነው የሚጠጣው?
ለካሁለት፤ ከሾፌሩ ትከሻ እስከ ፉሚኤ ማሰሪያ ድረስ፣
ሜትር ተኩል ከአንድ ጋት።
ራሱን ነቅንቆ ፈረመ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ።
ኩፔውን ትቶልኝ ሄደ። ከነጃንጥላው።

በጥር መጨረሻ ተመለሰ፤ ግቢው በበረዶ ተቀብሮ፤
«ተበላሸ እንዴ?» አልኩት። «የለም» አለኝ አቀርቅሮ፤
«ምቹ ነው። እሷም ወዳዋለች፤ ወገቧን አያማትም፤
ግን ከኋላ ሆና ስታወራኝ አልሰማትም።
‹ምን አልሽ?› እላለሁ። ‹ተወው፣ ምንም አይደል› ትላለች።
አርባ ዓመት ሙሉ ተወው የማታውቅ ሴት፣
አሁን በመስታወቱ ጥግ አንሳለች።»

ኩፔው አልተሸጠም ነበር፤ ማን ይገዛዋል በበረዶ ወራት?
«አልነዳውም» አለኝ፤ «እንቀመጥበት ብቻ፣ ሩብ ሰዓት።»

ሁለት ሆነን አነሣናት፤ እኔ ከብብቷ፣ እሱ ከእግሯ፤
ጣሪያው ዝቅ፣ በሩ ጠባብ፣ ተንጨባረረ ጠጉሯ።
«ቀስ! የድንች ጆንያ ነኝ እንዴ?» ብላ እየሳቀች ተቆጣች፤
ደረቁ ወንበር ግራ ቀኝ ደግፏት፣ ቀና ብላ ተቀመጠች።
በሩን ዘጋሁባቸው። መስታወቱ ጉም ለበሰ በትንፋሻቸው፤
ያወሩትን አልሰማሁም፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ግን አየኋቸው።

ሩብ ሰዓቱ ሰዓት ሆነ።
ማውጣቱማ አበሳ ነበር፤ ወገቧን አመማት፣ ጓንቷ ጠፋ፤
ሺንጎን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው፤ እኔም አንሸራቶኝ በአፍጢሜ ልደፋ!
ከተዋደዱ አንድ ቁርበት ለዘጠኝ ይበቃል የሚለው፣
ወገቡን የማያመው ሰው ነው።

ሲሄዱ ሜትሬን አወጣሁ፤ ከወንበር ወንበር ለካሁት፤
አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት። በመዝገቤ ግን አልጻፍኩት።
ዞር ብዬ የኋላውን ባይ፣ ጃንጥላው የለም። ማን ወሰደው?
በረዶ ነው እንጂ ዝናብ አልነበረ፤ ምን ሊያደርግለት? ስል ተውኩት ነገሩን፣ ረሳሁት እንደ ዘበት።

በሚያዝያ ቀይ መብራት ያዘን፤ ነጩ ሚኒቫን ቆመ ከጎኔ፤
በመስኮቱ ያየሁትን እነግራችኋለሁ፣ ያየሁትን በዓይኔ፦
ከኋላ ወንበር አንድ ክንድ፣ ከክንዱ ጫፍ አንድ ጃንጥላ፣
የሺንጎን ትከሻ ይጎሽማል፤ እሱ ይስቃል፣ ዞሮ ወደ ኋላ።

ክንድና ጃንጥላ ሲደመር፣
ሜትር ተኩል ከአንድ ጋት። ሜትር አላስፈለገኝም።
አረንጓዴ በራ። ከኋላችን ክላክስ አምባረቀ።
አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም።