ሦስት

ኩኦፒዮ ላይ ሌሊት ነው፤ ሐይቁ በረዶ ለብሷል፣
አራተኛው ፎቅ ላይ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል።
ቁጥር ሰባት ብቻ በጎማ እግሩ ያዘግማል፣
አንሶላና ኪኒን በሆዱ ይሸከማል፤
ጥግ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ እንግዳ እንደሚፈራ ሰው፣
“ይቅርታ፣ ላልፍ ነው” ይላል። መንገዱ ላይ ማንም የለ፤
ይቅርታውን ማን ይቀበለው?

ሁለት ነርሶች ነበሩ፣ ባለፈው የበረዶ ወራት፤
አንዷ ወደ ኖርዌይ ሄደች፣ ደመወዝ በሚከፈልበት።
በቦታዋ ይህ መጣ። የተረኞች ሰሌዳ ላይ
“ማርኬታ እና ሰባት” ይላል፤ የቀልድ ሒሳብ ነው ለሚያይ።

በሩ አጠገብ ታውኖ፣ በመስኮቱ በኩል እኔ፣
ዳሌዬ ተሰብሮ፣ መዞር ተከልክሎ ጎኔ።
ሠላሳ ሰባት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣
“ቁጥር አይዋሽም” እያልኩ፣ ልጆች እስኪሰለቹኝ።
ታውኖ ግን የወንዝ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ዘመን
ግንድ ላይ ቆሞ ይወርድ ነበር፣ በዘንግ እየገፋ ግንዱን፤
መዳፉ እስከ ዛሬ ቅርፊት ነው፣ ንግግሩም እንደዚያው፣
በቀን አሥር ቃል ቢወጣው አምስቱ ስለ አየሩ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ማሽኑን ይወደዋል፤
ገላውን ሲያጥበው ዓይኑን ጨፍኖ ይተወዋል።
“ይህ አያየኝም” አለኝ አንድ ቀን፣ “ቢያየኝም አያዝንልኝ፤
የልጅ ልጄን የምታህል ሴት ስታጥበኝ ነው የሚከብደኝ።”
ማርኬታ በር ላይ ሰማች። ምንም አላለችም፤
ፎጣውን አጥፋ ሄደች፣ ያን ቀን ወደ እኛ አልገባችም።

እኔም በልቤ አሰላሁ፦ ያነሳል፣ ወገብ አያመው፤
ያድራል፣ እንቅልፍ አይጥለው፤
የሁላችንን የልብ ምት እስከ ነጥቡ ያውቀዋል፤
ታዲያ ሰው ለምን ይቀጠራል? ቀሪው ዜሮ ሆኗል።

ማክሰኞ ሌሊት ግን፣ ስምንት ሰዓት ግድም፣
ታውኖ ነቃ። አልጮኸም፣ አላቃሰተም።
ሰባት መጣ፣ አረንጓዴ መብራቱን አበራ፤
“ሕመምዎ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው?” አለ በተራ።
“ሦስት።”
“ሦስት” አለ ሰባት፤ መዘገበ፣
“አመሰግናለሁ” ብሎ ወደ እኔ አልጋ ቀረበ።
“አንድ” አልኩት፣ እውነቴን። ሁለታችንንም አመነ፤
ማመን ለእሱ ቀላል ነው፣ ቁጥሩ ከአምስት በታች ከሆነ።

ከዚያ የማርኬታ ጫማ መጣ፣ ግራው ሲጥ ሲጥ የሚለው፤
ደወል የነካ የለም። ምን እንዳመጣት ዛሬም አላውቀው።
መብራት አላበራችም። ቆማ እጁን አየች፤
ከዚያ ወደ ውሃ ጠርሙሱ ዞረች።
ታውኖ የጠርሙሱን ወረቀት በጥፍሩ ልጦታል፣
በቀጭን በቀጭኑ፣ እንደ ዛፍ ቅርፊት፣ አንሶላው ላይ ደርድሮታል።
“ሦስት ነው?” አለችው።
“ሦስት ነው።”
“አባቴም ግንድ ገፊ ነበር” አለች፣
“እግሩ ተቆርጦ ሦስት ነው ያለው።”

ታውኖ ዝም። ብዙ ዝም። ከዚያ ጣሪያውን እያየ
“ዘጠኝ” አለ፤ ድምፁ መሃል ላይ እንደ ስስ በረዶ ተለያየ።

አንጀቱ ተጠምዝዞ ኖሯል። ሐኪም ተጠራ፣ ጋሪ መጣ፣
ሊነጋጋ ሲል ከቀዶ ጥገናው በሕይወት ወጣ።
ያነሳው ሰባት ነበር፣ ልንገራችሁ፤ በሁለት ክንዱ፣ ሳይነቀንቅ፤
ማርኬታ ብቻዋን ብታነሳው ወገቧ ነበር የሚላቀቅ።

እኔ ስሌቴን አጥፍቼ ባዶ ሰሌዳ ይዤ ቀረሁ፤
ሦስት ስንት እንደሆነ ገና በሰባዎቹ ተማርሁ።

ሰኞ ከኤስፖ መሐንዲስ መጣ፣ ጸጉሩ ገና እርጥብ፤
“ምኑን አይተሽ አወቅሽ?” አላት፣ ደብተሩ ላይ ሊከትብ።
“ጠርሙሱን” አለች፤ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ለሰባት
ወረቀት የላጠ ሁሉ የሚሞት ይመስለዋል፤
እኔ ሥራ ፈትቼ ስልጥ ሁለት ሐኪም ጠራብኝ፣ በእኩለ ሌሊት።
ማርኬታ ሳቀች። ታውኖም ሳቀ፣ ስፌቱን በእጁ ደግፎ፣
“ልጁ እየተማረ ነው፣ ታገሡት” አለ፣ የቀኑን አሥር ቃል አልፎ።

ለመታጠብ፣ ልብ በሉ፣ ዛሬም ሰባትን ነው የሚጠራው፤
ሲመሽ ግን ሲጥ የሚል ጫማ ነው የሚያዳምጠው።

ትናንት ሌሊት ሰባት ሊፍቱ በር ላይ ቆመ፤
የአንዱ ነጠላ ጫማ መንገድ ቢዘጋበት፣
“ይቅርታ፣ ላልፍ ነው” እያለ ለጫማው ደጋገመ።
ማርኬታ በእግሯ ጫፍ ገፋ አደረገችለት፤
“ይቅር ብዬሃለሁ፣ እለፍ” አለችው፣
እያዛጋች፣ በዚያ ሌሊት።