ፋታ

ሦስት ነበርን ባንድ ጠረጴዛ፣ ደብሊን፣ በሦስተኛ ፎቅ፣
ካፖርታችን ምድጃው ዳር እየተነነ እስኪደርቅ፤
እኔ ከኮኔማራ ድንጋይ፣ ማኑስ ከሰሜን፣ ከዶኒጎል፣
ፊኒን ከደቡብ፣ ከኬሪ፣ «እንካ» ሲል እንኳ የሚያዜም የሚመስል።
ሥራችን መጽሐፍ ማውጣት፣ ላገሩ ቋንቋ አንድ አጻጻፍ፣
የማይሰማውን ፊደል መንቀል፣ ሦስቱን አፍ ማድረግ አንድ አፍ።
አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ያረጀ ቃል ስከረክም፣
ድምፁ የሞተ ፊደል ስነቅል፣ እንደ ወተት ጥርስ፣ ያለ ሕመም።

«እንዴት አደርክ» ለመባባል፣ ጧት ስንገናኝ ከበሩ፣
ሦስት መንገድ ነበረን፣ ሦስቱም እየተፎካከሩ፤
ፊኒን «ኮነስ ቲ?» ይላል፣ ማኑስ «ጎጄ ማር ታ ቱ?»
እኔ «ኬ ኺ ዊል ቱ?» ስል፣
ያው «በረደኝ» ነው መልሱ የሦስቱ።

አንድ ቀን ለምሳ ድንች መጣ፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ።
ማኑስ «ፕሬታ» አለው። ፊኒን «ፕራታ»።
እኔ «ፋታ» አልሁ። ማን አጎደለ?
ድምፅ ሰጠን። የፊኒን ረታ። መጽሐፉ ውስጥ ገባ ፕራታ።
«ድንች እንደሁ ድንች ነው» ብዬ፣ ምሳዬን በልቼ ተነሣሁ፤
በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጄ፣
ላገሬ ሰው ፋታ ነሣሁ።

በጥቅምት ደብዳቤ መጣ።
እናቴ ባርብራ ፊደል አልቆጠረችም፣
እሳት ዳር ተቀምጣ ትናገራለች እንጂ ብዕር አልጨበጠችም፤
የምትጽፍላት ሶረኻ ናት፣ የጎረቤት ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ፣
ጎበዝ ተማሪ፣ የኛን መጽሐፍ ከነሕጉ የያዘች በደረቷ።

«ውድ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። ላሚቱ ወለደች፣ ወይፈን ነው።
ማዕበሉ ብዙ የባሕር አረም አወጣልን።
የድንጋዩ ካብ በምዕራብ በኩል ተንዷል፤ የሚክበው ሰው የለም።
ዘንድሮ ፕራታው መልካም ነው፣ ጥቁር ነጥብ የለበትም።
ካልሲህን ሳይደርቅ አታጥልቅ።»

እንከን የለውም። ነጥቡ፣ ጭረቱ፣ ሁሉም በሕጉ፣ በቦታው፤
ከመሥሪያ ቤት የተላከ ይመስላል።
የናቴን ትንፋሽ ማን አወጣው?
ሰባ ዓመት ፋታ ስትል የኖረች፣ ፋታ ስትተክል፣ ፋታ ስትለቅም፣
አያቷ ፋታ አጥቶ ከመንገድ ዳር የወደቀ፣ ስሙ ድንጋይ ላይ እንኳ የለም፤
እሷ ፕራታ? አንድም ቀን። ሐሰት ነው። ሐሰቱም የኔ ነው፤
የኔው ቀይ ቀለም ነው፣ ባሕር ዳር ዞሮ፣ በልጅ እጅ ወደኔው የመጣው።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ መብራት ሳነሣ፣ በአራተኛው መሥመር ጫፍ፣
በምላጭ የተፋቀች ስፍራ አለች፣ ስስ፣ እንደ ንብ ክንፍ።
ከፕራታው ሥር፣ ደብዘዝ ብሎ፣ አራት ፊደል ይታያል፤
እናቴ ብላዋለች። ልጅቱም እንደሰማችው ጽፋው ነበር ማለት ይሆናል።
ከዚያ መጽሐፉን አስታወሰች፣ ደነገጠች፣ ፋቀችው።
ምን ታድርግ? ያስተማርናትን ነው ያደረገችው።

መጽሐፉ ክፉ ነው አልልም።
ያለሱ የኬሪ ልጅና የዶኒጎል ልጅ አንድ ገጽ ላይ አይገናኙም።
እንግሊዝኛው እንደ ማዕበል፣ በየዓመቱ ከዳር ይቆርሳል፤
ግንብ ያስፈልጋል። የተጠረበ ድንጋይ ግን
ከየት ተራራ እንደመጣ ይረሳል።

በማግሥቱ ቢሮ ገባሁ። ካፖርቴን ሰቀልሁ። ዝናብ ነው።
«የዛሬው ቃል ‹ተመልከት› ነው» አለ ማኑስ፣ «ሦስት አለን፤ የቱ ይሻላል? የቱን እንተው?»
ቀዩ ብዕር እጄ ላይ ነው፤ ክዳኑን ከፍቼ ቆየሁ፣ እነሱም ጠበቁኝ ዝም ብለው።
«ትንሽ ፋታ ስጡኝ» አልኋቸው።
ሁለቱም ሳቁ፣
ድንች የለመንሁ መስሏቸው።