ድንጋይ ሲታመም

አዳማ፣ ከፍራንኮ ዝቅ ብላ፣ ሁለት ወንበር ያላት ፀጉር ቤቴ፤
በአንድ በኩል መስታወቴ፣
በሌላው በኩል የባሕር ውሃ የሞላ ሳጥን አለ።
ደንበኛ አንገቱን ለእኔ፣ ዓይኑን ለዓሣ እየከፈለ
ይላጫል።

ድንጋዩን ያመጣው ጂሎ ነው፣ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር።
በጄሪካን፣ በጨው ውሃ፣ ከወንበሩ ኋላ አስሮት ሲያድር፣
ሚሌ ላይ፣ ሙቀቱ ሲከብድ፣ ተሳቢውን ጥግ አቁሞ
በብስክሌት ፓምፕ ሲነፋለት ያነጋ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ደክሞ።

«ሕያው ድንጋይ ነው» አለኝ ሲያስረክበኝ። ሳቅሁ።
ሌሊት በባትሪ ሳበራበት ነው ያወቅሁ፤
በየቀዳዳው የሚድህ፣ የሚተነፍስ፣ የሚሸሸግ አለ፣
ከጥፍር የሚያንስ ሸርጣን በሩ ላይ ቆሞ «ማነህ?» አለ።

ዓመት ሙሉ መርጃን በጀርባው ላይ ሲያብብ ኖረ።
አንድ ሐሙስ ማለዳ ውሃው ሸተተኝ፤ ነገሩ ዞረ።
ቡናማ ለሐጭ፣ እንደተቃጠለ ስኳር፣ ከጫፍ ጀምሮ ወረደ፤
ቅዳሜ ሥጋው ተልጦ፣ አጥንቱ ነጥቶ፣ ሁሉም ሄደ።

መርጃኑን ጣልሁ። ድንጋዩስ?
ድንጋዩ ምን በደለ? ግን ምን ቋጥሮ እንደያዘ ማን ያውቃል?
ላዩን ሲያዩት ደኅና ነው። ደኅና መምሰልማ ማንም ያውቃል።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ የማውቀው ሕግ አንድ ነው፦
አንዱን አንገት የነካ ምላጭ ሌላ አንገት አይነካም። ይኸው ነው።

በረኪና ገዛሁ። ጓንት አጠለቅሁ። በርሜሉን ጓሮ አወጣሁ።
አቼቶ የነበረበትን ባልዲ አራቅሁ፤
ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽ ይነጥቃሉ።
በውሃ አቅጥኜ ልደፋው ስል፣ አንዲት ነገር ክንዷን ዘረጋች፦
ክር የምታህል፣ አምስት እግር፣ ኮከብ መሳይ። አየሩን ዳሰሰች። ሰጋች።

ቆምሁ።
ባልዲው ከበደኝ።
ብደፋው ንጹሕ ነው። ባተርፋት፣ በሽታውን ይዛው ብትመለስስ?
በፀጉር ወረንጦ አንስቼ ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ አኖርኋት፤
የራሷ ውሃ፣ የራሷ ማንኪያ፣ የራሷ ጥግ። እስኪለይላት።

ከዚያ ደፋሁ።
ድንጋዩ ፉት እያለ ጠጣ። አረፋ ደፈቀ። ሐምራዊ ቅርፊቱ ነጣ።
ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልመጣ።

ማጠብ። ውሃ መለወጥ። ደግሞ ማጠብ። ማሽተት።
ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ ከወይዘሮ ሽብሬ በርበሬ ጎን ማስጣት።
ማዶ ኮረብታው ላይ ተርባይኖቹ ይዞራሉ፤ የአዳማ ነፋስ ክፍያ አይጠይቅም።
«አንተ፣ ድንጋይ ደግሞ ይታመማል?» አሉኝ፣ ሳቃቸው አምልጧቸው፤
«ውሃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ፣ እንኳን ሊታመም ዋናም አያውቅም!»

አልመለስሁም። አፍንጫዬን ቀዳዳው ላይ ደቀንሁ።
በስምንተኛው ቀን ገና በረኪና፤ በአሥራ ሁለተኛው አቧራ ብቻ። አወረድሁ።

አሁን አጥንት ነው፤ ነጭ፣ ባዶ፣ ስሙን ያጣ።
አዲስ የጨው ውሃ፣ ጨለማ በርሜል፣ የፓምፕ ድምፅ። ሕይወት ከየት ይምጣ?
ዓይን የማያየው ነው የሚቀድም።
መብራት ሲጠፋ የባጃጅ ባትሪ ተበድሬ አገናኛለሁ፤
ውሃውን እለካለሁ፤ እጠብቃለሁ።

በአርባ አራተኛው ቀን ጂሎ መጣ፣ አቧራ በቅንድቡ፣
አዲስ መርጃን በጄሪካን፣ ሌላ ሁለት ሌሊት ነፍቶለት፣ ሞቅ ብሎት ልቡ።
«ክተተው!»
«አይሆንም።»
«እንዴት?»
«ድንጋዩ ገና ነው። መርጃንህም ለብቻው ይቆይ።»
«እኔ ያመጣሁት?»
«አንተ ያመጣኸው።»

ተቀየመ። ወደ በሩ ዞረ።
ብልቃጧን አየ፤ ኮከቧ መስታወቱ ላይ ተለጥፋለች።
«ይህቺስ?»
«ከድንጋይህ የተረፈች።»

ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።
ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠቀለልሁ። አዲስ ምላጭ አነሣሁ።
ወረቀቱ ሲቀደድ ሰማ።
አገጩን ቀና አደረገ።