ዝም አይነቅዝም

ሐሙስ ለዐርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ቀይ ወንዝ በበረዶ ደርቆ በተኛበት፣
ዊኒፔግ በስተምሥራቅ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ትከሻዬን ሞልቶት የታኅሣሥ በረዶ፣
እገባለሁ።
ቤተ ጸሎቷ ጠባብ ናት፤ ስድስት ወንበር፣ አንድ መብራት።

ቀን ሙሉ በስልክ ላይ የሰው አፍ ሆኜ ነው የዋልሁት፤
«ዕጢው ተሰራጭቷል» ሐኪሙ ሲል፣ እኔ ነኝ ያልሁት፤
«ስንት ቀን ቀረኝ?» ስትል ሴትዮዋ፣
እኔ ነኝ የጠየቅሁት።
«እኔ» እያልሁ እውላለሁ፣ እኔ ግን የለሁበትም፤
በአፌ ካለፈው ሁሉ አንዲቷ ቃል የኔ አይደለችም።
ድልድይ ነኝ፤ ይሻገሩብኛል፤
ጭቃቸው ይቀራል።

ላርፍ ብዬ ነበር ይህን ሰዓት የተመዘገብሁት።
የማሞቂያው ቱቦ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣
ከጫማዬ ላይ በረዶው ቀልጦ ጠብ ጠብ ሲል፣
ሐኪሙ እንደገና በራሴ ውስጥ ሲናገር፣
እኔም ስተረጉም፣ ለማንም፣ ለባዶ ወንበር፤
ዝም ስል ነው ለካ
ጩኸቴን የሰማሁት።

ከፊት፣ በስተግራ፣ አንድ ሽማግሌ አለ።
ኦኔዚም ይባላል። ስሙን ያወቅሁት ከደብተሩ ነው፣
በር ላይ ካለው፣ ገብተን ከምንፈርመው።
የቀረውን ሲስተር ዤርሜን ነገረችኝ፤
አርባ ዓመት በባቡር ሐዲድ ዳር
የስንዴ ጎተራ ሲጠብቅ እንደነበር።
ሦስት ክረምት አንድ ጣሪያ ሥር ቆየን፤
«እንዴት አመሸሽ» የለ፣ «ደኅና እደር» የለ፤
ሲንበረከክ ጉልበቱ ቋ ይላል፣
ሲነሣ ቋ ይላል፤
በመሃል ያለው የእግዜር ነው።

በመሠዊያው ላይ፣ በወርቁ ጨረር መሃል፣
ክብ፣ ነጭ፣ ስስ፣
ምንም የማይል ኅብስት።
በመጀመሪያ ቃል ነበረ ይላል ወንጌሉ፤
ታዲያ ይኸው ቃሉ፣ ዝም ብሎ፣
በስንዴ ተጠቅልሎ።
ይህን በየትኛው ቋንቋ ልመልሰው?
ዮሴፍም እንዲሁ ነው፤
ወንጌሉን ከዳር ዳር ብታገላብጡ
አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።
ተነሣ ተባለ፤ ተነሣ።

እናቴ ነገር ሲበዛባት
«ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር።
ብልጠት ይመስለኝ ነበር፣ ከጎረቤት ነገር
የማምለጫ በር።
አሁን የኦኔዚምን ጀርባ ሳይ
ጎተራ ይመስለኛል፤
ያልተፈጨ፣ ያልተሸጠ፣
ስንት ዘመን እንደያዘ
እሱና ባለእህሉ ብቻ የሚያውቁት፣
ነቀዝ የማይደርስበት።

በጥር፣ ነፋሱ መንገዱን በደፈነ ሌሊት፣
ቀረሁ። መኪናዬ አልነሣ አለች።
እውነቱን ልናገር? ተነሥታ ነበረች።
የዚያን ቀን ለአንዲት እናት ያልኋት ነገር ነበር፤
እዚህ አልደግመውም።
ምንጣፌ ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ አነጋሁ፤
መጸለይ ነው ማለት አልችልም፤
አለመጸለይ ነው ማለትም አልችልም።

በሳምንቱ ደብተሩን ስገልጥ፣
በቀረሁበት ቀን፣ በኔ መስመር ላይ፣
ስሜ ተጽፏል።
በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ በእርሳስ፣
ካለፈው ፊርማዬ ፊደል በፊደል ቀድቶ፤
የመጨረሻዋን ረስቶ
ጸዳለን ጸዳል አድርጎኛል።
ከሥሩ ሁለት ሰዓት ሞልቷል፤ አንዱ የሱ፣
አንዱ የኔ።
በዚያ ብርድ፣ በእግሩ መጥቶ፣
እኔን ሆኖ ተቀምጦልኛል፤
«እኔ» ሳይል።

አመሰግናለሁ ልለው አፌን ከፈትሁ፤
በሦስት ቋንቋ አለኝ ቃሉ፣
ሦስቱንም ዋጥሁ።
ከኋላ ያለውን ወንበሬን ተውሁትና
ከአጠገቡ ተንበረከክሁ።
ጉልበቴ ቋ አለ።
ዞር ብሎ አላየኝም፤
ትንሽ ፈቀቅ አለልኝ።