ለጃንጥላዋ

ሮማን ሊለቅም ወጥቶ፣ ከመሰላል ወድቆ፣
አማቴ ኑግዛር ከረመ፣ ቀኝ እጁ በጀሶ ተጠብቆ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምድጃውን ለሰው ያልሰጠ ሰው
እሑድ ጠዋት ጠራኝ፤ የጥብስ ዘንጎቹን አስጨብጦ፣ «ያንተ ነው የዛሬው።»

እኔ የባቱሚ ልጅ፣ ያደግሁት ከባሕር፣
ዓሣ ገልብጬ እንጂ
የሥጋን ጠባይ ማን አስተምሮኝ፣ ማንስ ነግሮኝ ነበር?
ካኼቲ ደግሞ ሥጋ በከሰል አይጠበስም፤
የወይን ጭራሮ ነው፣ ሌላ እንጨት አይደርስም።
ነበልባሉ ሳይሞት ዘንግ አይቀርብም አሉ፣
ጎረቤቱ ኦታር፣ ወንድሙ አምብሮሲ፣ አክስት ላማራ፤
ሁሉም አዋቂ ነው ሌላ ሰው ሲሠራ።

ሥጋውን ደረደርሁ። ጢሱ ዓይኔን ላጠው።
«ገና ነው!» ይላል አንዱ። «አለፈ!» ይላል አንዱ። «አገላብጠው!»
ኑግዛር ግን ዝም ብሎ፣
የተሰበረ እጁን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ከወንበሩ ላይ
ያየኛል፣ ሰው የገዛ ካፖርቱን በሌባ ትከሻ እንደሚያይ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ።
ሳያጉረመርም፣ እንዳልተጠራ ዘመድ ከተራራው ወጣ።
ፍሙ «ጭስስ» አለ፤ ዘንጎቹ «ጭስስ» አሉ፤
እንግዶቹ ወይኑን፣ ዳቦውን አቅፈው በረንዳ ዘለሉ፣
እኔን ብቻ ትተው።
ሚስቴ ማክቫላ በመስኮት ወረወረችልኝ ቀይ ጃንጥላዋን
(በመጀመሪያ ደመወዟ ነው የገዛቻት፤ አውቃለሁ ዋጋዋን)።

በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በአንድ እጄ ዘንግ፣
እሳትና ውኃን ላስታርቅ ስታገል፣ ሽማግሌ ልሆን ስፈልግ፣
አንዲት የስብ ጠብታ ወረደች። ፍሙ ነቃ። ነበልባሉ ላሰ።
ቀይዋ ጃንጥላ እንደ ሰም ቀለጠች፤ ጣሪያዋ ፈረሰ።

ሥጋው? ውጭው ከሰል ሆኗል፤ ውስጡ ገና ሣር ይግጣል።
ማንም አልተናገረ። አክስት ላማራ ብቻ፣
«ይበላል» አለች፤ «ግድ ከሆነ ይዋጣል።»

ኑግዛር ተነሣ። ኮቱን በአንድ ትከሻው ጣል አደረገ።
«መኪና ውስጥ ግቡ።»
ስምንት ሰው በአንዲት አሮጌ ኒቫ፣ ጉልበት በጉልበት ላይ፣
የላማራ ክርን ጎኔ ላይ፣ የኔ ሸሚዝ ጢስ ሁሉም ላይ፣
መንገድ ዳር ወዳለችው፣ ወደ ጺያላ ምግብ ቤት።

ኺንካሊ ማለት፣ ላልበላው፣ የሊጥ ከረጢት፤
ውስጡ ሥጋና መረቅ፣ አናቱ እንደ መቀነት ሳንቲም የተቋጠረበት።
በቋጠሮው ይዘህ፣ ነክሰህ፣ መረቁን ትመጠዋለህ ቀድመህ፤
ቋጠሮው አይበላም፤ ሳህኑ ላይ ይቀራል፣ ሊመሰክር ስንት እንደ በላህ።
እኔ ቸኮልሁ። የመጀመሪያው ፈነዳ፤ ሸሚዜ ጠጣው።
ኑግዛር በግራ እጁ፣ በማይለምደው እጁ፣ ጠብታ ሳያፈስ
ሃያ ሁለቱን ዋጠው።

ከዚያ ቆመ። ብርጭቆ አነሣ። በወዲያኛው ጠረጴዛ
የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ዝም አሉ።
«ለሙታን ጠጥተናል፤ ለሕያዋን ጠጥተናል።
ይህ ግን ለጃንጥላዋ ነው፣
በሥራ ላይ እያለች ለሞተችው።»
ሚስቴ ናት መጀመሪያ የሳቀችው።

ሂሳብ ሲደርስ ጺያላ ቋጠሮ ቆጠረች። የኔ ሰባት።
«ይሄ ልጅ ታሟል?» «የለም» አለ ኦታር፤ «ባሕር ነው ያደገበት።»

ሌሊት ራበኝ። ሰባት ምን ይሆናል? ወረድሁ በእግሬ ጣት።
ማድቤቱ መብራት አለው።
ኑግዛር በካልሲ ቆሟል፣ ከተቃጠለው ሥጋ ፊት።
ከጥቁሩ በታች፣ ከጥሬው በላይ፣
አንዲት ስስ፣ የበሰለች ንጣፍ አለች፤
እሷን በግራ እጁ እየፈለቀቀ፣
በሮማን ጭማቂ እያጠቀሰ፣ በጥሬ ሽንኩርት ሲበላ ደረስሁ።
አየኝ። አላፈረም። እኔም አላፈርሁ።
በእግሩ በርጩማ ገፋልኝ፤ ቢላውን ሰጠኝ፤
በአንድ እጅ መቁረጥ ሰልችቶት ኖሯል።
ለረጅም ጊዜ የሚሰማው ጥርስና ዝናብ ብቻ ሆኗል።
በመጨረሻ ዋጥ አደረገና፣ «ጨው» አለኝ፣
«ጨው አሳንሰሃል።»