ሁለት ጣት

የመጀመሪያውን ቀበቶ የገዛሁት በኩራቴ ልክ ነበር፤
ሰፊ፣ ባለ ነሐስ ዘለበት፣ ላየው ሰው የሚያስከብር።
ባለሱቁ “አንገቱ ስንት ነው?” ሲለኝ
እጄን አየር ላይ ከፍቼ “ይሄን ያህል” አልኩኝ፤
አሣ አጥማጅ ያመለጠውን አሣ እንደሚለካ፣
አንገቱን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ሳልነካ።

ስሙን ደንገል አልኩት።
ያገኘሁት ደንገል ውስጥ ነው፣ በሽምብጥ፣ ከውሃው ጫፍ፣
የመረብ ክር አንገቱ ላይ ሰርጎ፣ ጩኸት ታፍኖበት ካፍ።
ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ፀጉር የማይበቅልበት
ቀጭን መስመር፣ ጣቴ ሲደርስ የሚያመነታበት።

ያ ሰፊው ቀበቶ አንድ ሰኞ ጠዋት፣
ከዘንባባዎቹ ሥር፣ ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋበት፣
በጆሮው ላይ ሾልኮ ወለቀ።
እኔ ገመዱንና ባዶ ቀለበት ይዤ ቀረሁ፤ እሱ ራቀ።
ማታ መጣ፣ ጭቃ ለብሶ፣ እምቦጭ ጅራቱ ላይ ተጣብቆ።
የኔ ልብ ግን አስፋልቱን ገና አልተሻገረም፤ ቆሟል ተሳቅቆ።

ሁለተኛውን የገዛሁት በፍርሃቴ ልክ፤
ጠበቅ፣ ደግሞ ጠበቅ፣ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ፣ ልክክ።
ደንገል አልጮኸም።
ውሃ ሲጠጣ ብቻ ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ሲንቋቋ ሰማሁ፤
የመረቡን ክር እኔው ራሴ መልሼ እንዳሰርኩበት አወቅሁ።

ይሁኔ ጫማ ሰፊው፣ ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ ከዋርካው ጥላ፣
ሰም የነካ ክር ነክሶ ሰማኝ፣ ሥራውን ሳይል ችላ።
“ውሻ በዓይን አይለካም” አለኝ፤ “ክር ያዝና በአንገቱ አዙር፣
ከጆሮው ዝቅ፣ ከትከሻው ከፍ፤ ቆሞ እንጂ ተኝቶ ሳለ አትጀምር።
ከዚያ ሁለት ጣት አስገባ። ሁለት ካልገባ ይታነቃል፤
ሦስት ከገባ ደግሞ፣ አንተው አይተኸዋል፣ ይወልቃል።”

“የማን ጣት?” አልኩት።
ሳቀ፤ ክሩ ከአፉ ወደቀ።
የሱ ጣት መዶሻ የቀጠቀጠው፣ እንደ ዝንጅብል የተቋጠረ፤
የኔ ቀጭን፣ ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር ያልሞከረ፤
የልጄ የምንታምር ሁለቱ ተደምረው የኔን አንዱን አያህሉ።
ይሁኔ ጥቂት ዝም አለና፦
“ማታ ማታ የሚፈታለት ማን ነው?” አለ።
“እሷ።”
“እንግዲያው የሷ ጣት ነው።”

ምንታምር ክሩን አዞረች። ደንገል ቆመላት፣
ጆሮዋን ሊልስ እየቃጣ፣ ትንፋሹ እያሳቃት።
ሁለት ጣቷን ሰደደች፤ ክሩ ላይ በቀለም ምልክት አደረገች።
ከዚያ ትንሽ አሰበችና ወዲያ ፈንጠር አድርጋ ሌላ ጨመረች፣
ደግሞም ሌላ።
“ያድጋል እኮ” አለች። ጣቶቿን አየች።
“እነዚህም።”

ይሁኔ ከአሮጌ የቦርሳ ማንገቻ ቆርጦ ሰባት ቀዳዳ በሳለት።
ዛሬ ሦስተኛው ላይ ነን።
ማታ የጣና ነፋስ ሲነሳ፣ ቀበቶው በሩ ላይ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤
ደንገል ደጃፉ ላይ፣ ባዶ አንገቱን በኋላ እግሩ ሲፎክት ይሰማል።