ወደኋላ እምቢ

ምናለሽ ተራ ነው ያገኘኋቸው፣
ከተሰበረ አልጋ ሥር ተጋድመው፤
ሁለት ረጃጅም ጣውላ መሳይ፣ አፍንጫቸው የቀና።
ሻጩ አገላብጦ አያቸውና
«ለመደርደሪያ ነው» አለኝ፣ «ጫፉን ትቆርጪዋለሽ።»
«አልቆርጠውም» አልኩት።
«እንግዲያ ምን ታደርጊበታለሽ?»
«ተራራ እወጣበታለሁ።»
ስቆ ሳያበቃ መቶ ብር አስቀነስኩ።

ሰው ስኪ ሲባል ቁልቁል መንሸራተት ይመስለዋል።
በስልክ ያየኋቸው ግን ይወጣሉ፣ ይወጣሉ፣
ተረከዛቸው ተፈቶ፣ ጫማቸው በጣት በኩል ብቻ ተይዞ፤
ጫፍ ሲደርሱ ከስኪው ሆድ ቆዳውን ይልጣሉ፣
አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ይከትታሉ፣
ተረከዝ ይቆልፋሉ፣
ከዚያ ወዲያ ነፋስ ነው።
ሩጫ ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ፤ ጉልበቴ አስፋልት ጠልቶ።
ሽቅብ ግን አይጠላም።
ሽቅብ ላይ ጉልበቴ ሌላ ሰው ነው።

ቆዳውን የሠራልኝ ጋሽ ጥላዬ ነው፣
ከፖስታ ቤት ጀርባ ጫማ የሚሰፋው።
የፍየል ቆዳ በቁመቱ ቀደደ፣ ጠጉሩ ወደ ጅራት የተኛ።
መጀመሪያ ማስቲሹ ጠንክሮ አልላጥ አለ፤
ሁለተኛው ሳስቶ በሦስተኛው እርምጃ ወደቀ፤
ሦስተኛው ላይ መዳፌን ይዞ አስዳሰሰኝ፦
«ወደፊት ስትይው እሺ ይላል፣
ወደኋላ ስትይው እምቢ።
ሰውም እንዲህ ቢሠራ…» ብሎ መርፌውን በጥርሱ ነከሰ።
ስለ ልጁ የሚያስብ መሰለኝ። አልጠየቅሁም።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ ደረጃ፤
ሯጮቹ በግራ፣ ክብደት ሊቀንሱ የመጡ እናቶች በቀኝ፣
እኔ በመሃል፣ ስኪው ጀርባዬ ላይ በገመድ ታስሮ።
«ዲሽ ልትሰቅይ ነው?» ይለኛል ጥበቃው በየቀኑ፣
በየቀኑም አዲስ ቀልድ ይመስለዋል።
ላይ ስደርስ እንበረከካለሁ፤ ልምምዱ ይኼ ነው፦
መላጥ፣ ማጠፍ፣ መክተት፣ መቆለፍ።
አንድ ደቂቃ ከሃያ። አንድ ከአሥር። አንድ ከአሥራ ሁለት።
ውድድር የሚበላሸው እዚህ ነው ይላሉ፣
መውጣቱ አልቆ መውረዱ ሳይጀመር፣
ጣት በሚንቀጠቀጥባት በዚያች ቁራጭ ጊዜ።
ቁልቁለት ግን የለኝም።
በረዶ የለኝም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ጋሽ ጥላዬ ጋ ጠርዙን እያስለጠፍኩ፣
ቸርችል ጎዳና ላይ ሰማይ ተቀደደ፤
መጀመሪያ ሽንብራ፣ ኋላ ብይ የሚያክል፣
የሚኒባሱን ጣራ እንደ ነጋሪት መታው።
አማርኛችን ደግ ነው፤
ከሰማይ የሚወግረንንም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንም፣
እዚያ ሩቅ ተራራ ላይ እንደ ባዘቶ የሚተኛውንም
በአንድ ስም ይጠራቸዋል።
እኔም ስሙን አመንኩት።

ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ሲሮጥ ወደ መንገዱ ሮጥኩ።
መንገዱ ነጭ ነበር።
ከፖስታ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ፊቴን ወደ ላይ፤
ቆዳው ነከሰ፤ እሺ አለ፤ እምቢ አለ፤ እሺ።
አንድ ቁጥር የሚሰፋኝ ጫማ ውስጥ ተረከዜ ከፍ፣ ዝቅ።
ከበረንዳ «ኧረ በሥላሴ!» የምትል ሴት፣
ፉጨት፣ የተቀሰሩ ስልኮች፣
ጋሽ ጥላዬ ራሱን በመዳፉ ከልሎ «ወደፊት በይው!»
ናፍጣና ብርድ አብሬ ተነፈስኩ።

ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ተንበረከኩ።
መላጥ። ማጠፍ። መክተት። መቆለፍ።
ሃምሳ ስምንት ሰከንድ!
ቀና ስል ቁልቁለቱ ውሃ ሆኗል፤
ጥቁር አስፋልት፣ እስከ ለገሃር፣ እያብረቀረቀ።

ወያላው «ለገሃር! አንድ ሰው!» ሲል ገባሁ፣
ስኪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ።
«የሁለት ሰው ትከፍያለሽ» አለኝ።
ከፈልኩ።
ደረቴ ውስጥ እርጥቡ ፍየል ይሸታል፤
አጠገቤ ያሉት አፍንጫቸውን ይዘዋል፤
ሃምሳ ስምንት እያልኩ፣ ሃምሳ ስምንት፣
ቁልቁለቱን በታክሲ ወረድኩት።